ለሁሉም መንገድ የሚሆን ጎማ አመራረጥ

ጎማ ለገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። አሮጌ ጎማ በረባሶ ጫማ ሆኖ ስንት ዘመን እግራችንን ከእሾህና ከድንጋይ ጠብቋል። ዛሬ ደግሞ በማኅበር የተደራጁ ገበሬዎች መኪና በጋራ የሚገዙበት ቦታ አለ። መኪናው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያመጣል፤ እህል ወደ ገበያ ያወጣል። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ብትኖርም ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት እሱ ነው።

ታዲያ ይህ መኪና በክረምት ጭቃ ውስጥ ቢቀር፣ ወይም በቁልቁለት ላይ ጎማው ቢፈነዳ የሚጎዳው ሾፌሩ ብቻ ነው? አይደለም። የተጫነው ሰውም፣ እህሉም፣ የማኅበሩ ገንዘብም አብሮ ይጎዳል። ስለዚህ የጎማ ምርጫ ለሾፌርና ለነጋዴ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ማንበብና መቁጠር የሚችል ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው አንድ ዓይነት መኪና ነው። ይኸውም አራቱም ጎማው የሚጎትት፣ ሾፌሮች «ፎር ዊል» የሚሉት፣ ባሌስትራው ወይም ሞላው ተለውጦ ከመሬት ከፍ እንዲል የተደረገ መኪና ነው።

ሦስት ዓይነት ጥርስ

በሬ ስንገዛ ከንፈሩን ገልጠን ጥርሱን እናያለን። ጎማም ጥርስ አለው። የጎማ ጥርስ የምንለው መሬት የሚነካውን፣ ጉጥ ጉጥ ያለውን ክፍል ነው። ጥርሱን አይተን ጎማው ለየትኛው መንገድ እንደተሠራ ማወቅ እንችላለን።

1ኛ፣ የአስፋልት ጎማ። ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። አስፋልት ላይ ጸጥ ብሎ ይሄዳል፤ ፍሬን ሲያዝም ቶሎ ይቆማል። ጭቃ ሲገባ ግን ክፍተቱ ወዲያው ይሞላል። ያን ጊዜ ጥርስ እንደሌለው ሆኖ ባለበት ይሽከረከራል።

2ኛ፣ የጭቃ ጎማ። ጥርሱ ትልልቅ ነው፤ ክፍተቱም ሰፊ ነው። ሲሽከረከር የያዘውን ጭቃ እየተፋ ይሄዳል። ነገር ግን አስፋልት ላይ ይጮኻል፤ ጥርሱ ቶሎ ያልቃል፤ ነዳጅም ያስጨምራል። እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ከሌሎቹ ይልቅ ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው።

3ኛ፣ ሁለገብ ጎማ። ጥርሱ በሁለቱ መካከል ነው። ክፍተቱ ከአስፋልቱ ጎማ ይሰፋል፤ ከጭቃው ጎማ ይጠብባል። ሁለገብ ስለተባለ በሁሉም ቦታ አንደኛ አይምሰለን። በአስፋልት ከአስፋልቱ ጎማ፣ በጭቃም ከጭቃው ጎማ ያንሳል። ቢሆንም በሁለቱም ይሠራል። በጠጠርና በኮረኮንች መንገድ ላይ ደግሞ ደህና ጎማ ነው።

መንገዳችንን እንቁጠር

እንግዲህ ከሦስቱ የትኛው ይሻላል? መልሱ ያለው ሱቅ ውስጥ ሳይሆን እኛው መንገድ ላይ ነው። እስቲ በምሳሌ እንየው።

አንድ ማኅበር አለ እንበል። ከመንደሩ እስከ ከተማው 60 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ 25 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው። 30 ኪሎ ሜትር ጠጠርና ኮረኮንች ነው። የቀረው 5 ኪሎ ሜትር ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር መረሬ አፈር ነው።

ዋልካ በበጋ ደርቆ ይጠነክራል። የሚያስቸግረው በክረምት ነው። ስለዚህ የጭቃ ጎማ ብንገዛ፣ ለ5 ኪሎ ሜትርና ለጥቂት ወራት ብለን ዓመቱን ሙሉ በ55 ኪሎ ሜትር ላይ ጎማ እንጨርሳለን። የአስፋልት ጎማ ብንገዛ ደግሞ በክረምት ከመንደር መውጣት ያቅተናል። ለዚህ ማኅበር የሚሻለው ሁለገብ ጎማ ነው።

ነገር ግን አንድ ሰው «ያቺ 5 ኪሎ ሜትር እኮ ናት ምጥ የያዛትን ሴት የምታስቀራት» ቢል እውነት አለው። ዋልካ ተጣባቂ አፈር ስለሆነ የሁለገብ ጎማን ጥርስም ይሞላል። ስለዚህ ሁለገብ ጎማ የመረጠ ማኅበር ከጎማው ጋር የጎማ ሰንሰለት፣ አካፋና ጠንካራ የመጎተቻ ገመድ ማዘጋጀት አለበት። ሰንሰለቱ ጭቃው ከመጀመሩ በፊት ይታሠራል። ጠንካራ መንገድ ላይ ሲደረስ ይፈታል፤ አለዚያ ጎማውን ይበላዋል። ጊዜ የሚሰጥ ጭነት ከሆነ ደግሞ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ጠፈፍ እስኪል መጠበቅ ይበልጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

መንገዱ የተለየ ማኅበርም ይኖራል። ከ60ው ኪሎ ሜትር 40ው ጭቃና ማሳ ለማሳ ከሆነ የጭቃ ጎማ ይሻለዋል። እንግዲያው ከሁሉ በፊት መንገድን በኪሎ ሜትርና በወራት ቆጥሮ በደብተር መጻፍ ነው።

መኪናው ከፍ ሲል

ብዙ ሰው «መኪናው ከፍ ካለ ጎማውም የመጨረሻው ትልቅ ይሁን» ይላል። ይህ መመርመር አለበት።

መኪናን ከፍ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ባሌስትራና ሞላ ነው። እነሱ የመኪናውን አካል ያነሡታል። ነገር ግን ብዙ የጭነት ፎር ዊል መኪና ከኋላ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል፣ አንድ ወፍራም የብረት ጉብታ አለው። ዲፍረንሻል ይባላል። እንደዚህ ባለ መኪና ባሌስትራው ቢጨመርም ዲፍረንሻሉ ባለበት ይቀራል። እሱን ከመንገድ ድንጋይ የሚያርቀው የጎማው ቁመት ነው። የትልቅ ጎማ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው? እናስላው። 265/70 አር 16 የተባለ ጎማ ቁመቱ 77.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። 285/75 አር 16 የተባለው 83.4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ 5.7 ሳንቲ ሜትር ነው። ዲፍረንሻሉ ያለው በጎማው መካከል ስለሆነ ከፍ የሚለው በልዩነቱ ግማሽ ብቻ ነው። ይህም ወደ 2.8 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት የሁለት ጣት ስፋት ያህል ነው።

ለሁለት ጣት ከፍታ የሚከፈለውን ደግሞ እንቁጠር።

ሀ. መሪው ሲዞር ወይም ጭነት ሲበዛ ትልቁ ጎማ ፓራፋንጎውን ሊፈትግ ይችላል።

ለ. ከባድ ጎማ ለማስቆም ፍሬኑ ይበልጥ ይደክማል። ለማንቀሳቀስም ሞተሩ ይበልጥ ነዳጅ ይፈጃል።

ሐ. የፍጥነት መቁጠሪያው ይሳሳታል። ከላይ ባየነው ልዩነት መቁጠሪያው 80 ሲል መኪናው በእውነት 86 ያህል እየሄደ ነው።

መ. ከፍ ያለ መኪና ኩርባ ላይ የመገልበጥ ጠባይ አለው። ጎማው ሲጨመር ደግሞ የበለጠ ከፍ ይላል። ከላዩ ላይ ሰውና ኩንታል ሲጫን አደጋው ይብሳል።

ስለሆነም ፋብሪካው ከፈቀደው መጠን በላይ ያለ ጎማ ለሥራ መኪና አይመከርም። በመጠኑ መጨመር የግድ ከሆነም በሙያው የታወቀ መካኒክ ያማከር። መኪናው ተጭኖ፣ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዞሮ ጎማው ምንም አለመንካቱ መታየት አለበት።

የጎማውን ጎን ማንበብ

በጎማው ጎን ላይ ቁጥርና የፈረንጅ ፊደላት ተጽፈዋል። ቁጥሮቹ በሒሳብ የተማርናቸው ናቸው። ፊደላቱ ጥቂት ስለሆኑ ተማሪ ልጆቻችን ሊያሳዩን ይችላሉ። «265/70 አር 16 112 ኤስ» የሚል ጎማ አገኘን እንበል።

265 የጎማው ስፋት ነው፤ በሚሊ ሜትር ይለካል።

70 የጎኑ ቁመት ነው። ቁመቱ የስፋቱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው።

አር ራዲያል ለሚባለው አሠራር ምልክት ነው። በውስጡ ያሉት ክሮች ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብለው የተዘረጉ ናቸው። ይህን አሠራር ሚሽለን የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ በ1946 እ.ኤ.አ. በባለቤትነት አስመዘገበው።

16 የቸርኬው ቁመት ነው። የሚለካው በኢንች ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው።

112 የጭነት ቁጥር ነው። 112 ኪሎ ማለት ግን አይደለም። በፋብሪካዎች ሰንጠረዥ 112 የተጻፈበት አንድ ጎማ 1120 ኪሎ ይሸከማል። 116 ከሆነ 1250 ኪሎ፣ 121 ከሆነ 1450 ኪሎ ይሸከማል። እህል በሚጭን መኪና ላይ ከባዱ ሸክም የኋላዎቹ ሁለት ጎማዎች ነው። 112 ከሆኑ ሁለቱ በአንድ ላይ 2240 ኪሎ ይችላሉ። በዚህ ውስጥ የመኪናው የራሱ ክብደትም እንደሚቆጠር አንርሳ።

ኤስ የፍጥነት ምልክት ነው። ጎማው እስከ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው። ጎማው ቻለ ተብሎ ግን ከፍ ያለ መኪና እንዲህ አይነዳም።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን እንይ። የበሬ ዕድሜ በጥርሱ ይታወቃል። የጎማ ዕድሜ ግን በጥርሱ አይታወቅም። ያልተነዳ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ በመጋዘን ሊያረጅ ይችላል። ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ በሙቀትና በጭነት ጊዜም ይፈነዳል። ዕድሜውን የሚነግሩን ዲ፣ ኦ፣ ቲ ከሚሉት ሦስት ፊደላት በኋላ ባለው ረድፍ መጨረሻ ላይ የሚገኙ አራት ቁጥሮች ናቸው። ለምሳሌ 3522 ቢል በፈረንጆች 2022 ዓመት በ35ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር 2014 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይውላል። ቁጥሩ በአንዱ ጎን ካልታየ በሌላው ጎን ይፈለግ። ብዙ ፋብሪካዎች ጎማ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ 10 ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም እንዲወጣ ይመክራሉ።

ሱቅ ስንሄድ

ለግዢ አንድ ሰው ብቻውን ባይሄድ ይመረጣል። ሾፌሩ፣ ገንዘብ ያዡና ጽሑፍ የሚያነብ ሌላ አባል አብረው ይሂዱ። የሚፈልጉትን መጠን፣ የጭነት ቁጥርና የጥርስ ዓይነት አስቀድመው ጽፈው ይያዙ። ሻጩ «ይኸም ያው ነው» ቢላቸው ከጽሑፋቸው ጋር ያመሳክሩ።

ጎማዎቹ አንድ መጠንና አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ስኮርታውም እንደዚሁ። አንዱ ረጅም ሌላው አጭር የሆነ ጥማድ በሬ ቀንበር እንደሚያጣምም ሁሉ፣ ቁመታቸው የተለያየ ጎማዎችም የፎር ዊሉን ጥርሳ ጥርስ ይሰብራሉ።

ርካሽ ጎማም ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። ለሒሳብ ያህል አንዱ ጎማ 12000 ብር ተገዝቶ 30000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር 40 ሳንቲም ወጣ ማለት ነው። ሌላው 16000 ብር ተገዝቶ 50000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር 32 ሳንቲም ብቻ ይሆናል። ጎማ የገባበት ቀንና ኪሎ ሜትር በደብተር ከተጻፈ በሚቀጥለው ግዢ የትኛው እንደሚያዋጣ ማኅበሩ ራሱ ያውቃል።

ከተገዛ በኋላ

ነፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ልኩ በብዙ መኪና ላይ በሾፌሩ በር አጠገብ ተለጥፎ ይገኛል። ነፋስ ያነሰው ጎማ በጭነትና በፍጥነት ይግልና ይፈነዳል። በአሸዋና በጭቃ ለመውጣት ሾፌሩ ነፋስ ቢቀንስ ጥሩ ዘዴ ነው። ሲወጣ ግን ቶሎ መሙላት አለበት። በጥርሶቹ መካከል የተሰካ ድንጋይ ይነቀል። በጥርሶቹ ሥር የሚታዩት ትንንሽ ድልድዮች ከጥርሱ ጋር እኩል ሲሆኑ የቀረው ጥርስ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጎማው አልቋል። ለክረምት ጭቃ ደግሞ እዚህ ሳይደርስ መለወጥ ይገባል።

በጠቅላላው ጎማ የሚመረጠው በመልኩና በግዝፈቱ አይደለም። የምንሄድበትን መንገድ ቆጥረን፣ የምንጭነውን መዝነን፣ በጎኑ የተጻፈውን አንብበን እንምረጥ። ይህን ያደረገ ማኅበር ገንዘቡን ያድናል፤ ሰውንም በሰላም ያደርሳል።

ጥያቄዎች

1. ሦስቱ የጎማ ዓይነቶች ምን ምን ናቸው? በምን ይለያያሉ?

2. ከመንደራችሁ እስከ ከተማ ያለው መንገድ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ስንቱ አስፋልት፣ ስንቱ ጠጠር፣ ስንቱ ጭቃ ነው? ታዲያ የትኛው ጎማ ይስማማዋል?

3. በአንድ ጎማ ላይ 1018 የሚል ቁጥር ተገኘ። በፈረንጆች አቆጣጠር በየትኛው ዓመት፣ በስንተኛው ሳምንት ተሠራ?

4. የጭነት ቁጥራቸው 116 የሆነ ሁለት ጎማዎች በአንድ ላይ ስንት ኪሎ ይሸከማሉ?

5. ባሌስትራ ሲጨመር ዲፍረንሻሉ ከፍ የማይለው ለምንድን ነው? ተወያዩበት።