ለታላቅ ባልደረባ «አይሆንም» ማለት

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በዕድሜም በሥራ ልምድም የሚበልጡኝ ባልደረባዬ የሰኔ መጨረሻው የመጋዘን ቆጠራ ሠራተኛውን ስለሚያደክም፣ ሥራ እስኪቀል ወደ ሐምሌ አጋማሽ ይተላለፍ ይላሉ። አልስማማም፤ ግን እንዳላስቀይማቸው ፈራሁ። ምን ልበል?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት «እስቲ እናያለን» አይበሉ። እርስዎ እምቢታ ነው ብለው ቢያስቡትም፣ እሳቸው እሺታ አድርገው ይዘውት ሄደው ሰኔ መጨረሻ ላይ ይቀየማሉ። ስብሰባም አይጠብቁ። በሰው ፊት የተነገረ እምቢታ ለታላቅ ሰው ከባድ ነው፤ ቀደም ብለው ለብቻቸው ያነጋግሯቸው።

ከሐሳባቸው እውነት የሆነውን ያንሱ፤ የሰኔ ሥራ ሠራተኛውን በእርግጥ ያደክማል። ከዚያ ሳይጠማዘዙ እንዲህ ይበሉ፦ «ጋሼ፣ ስለ ሠራተኛው ያሉት ልክ ነው። ቆጠራውን ግን ማስተላለፍ አንችልም። የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባውና የሚወጣው ዕቃ ከዓመቱ ሒሳብ ጋር ይደባለቅብናል። ብዙ የማይንቀሳቀሱትን ዕቃዎች ቀድመን ብንቆጥርና እንቅስቃሴያቸውን እስከ 30 ብንመዘግብስ?»

ምክንያቱ ቀኑ እንጂ እሳቸው እንዳልሆኑ ይሰማቸዋል። ከተስማሙ፣ በስብሰባው ላይ የሠራተኛውን ድካም ያነሱት እሳቸው መሆናቸውን በስማቸው ይናገሩ።