ውስኪ በዝንጅብል፣ በማርና በአምቦ ውሃ

ቤት ውስጥ ውስኪ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ወይ እንዲሁ በበረዶ ነው፣ ወይ ከለስላሳ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ለስላሳው ስኳሩ ስለሚበዛ የውስኪውን ጣዕም ይሸፍነዋል፤ ባዶውን ደግሞ ሁሉም ሰው አይደፍረውም። ለእንግዳም ለራስም የሚሆን፣ ቀዝቃዛ፣ ረዘም ያለና ጉሮሮን የሚያነቃ መጠጥ ከተፈለገ ውስኪ በዝንጅብል ማዘጋጀት ይሻላል። ከውስኪው በስተቀር የሚያስፈልገው ሁሉ ከጉልትና ከሰፈር ሱቅ ይገኛል፦ እርጥብ ዝንጅብል፣ ማር፣ ሎሚ፣ አምቦ ውሃና በረዶ።

የዝንጅብልና የውስኪ ጋብቻ የቆየ ነው። በ1904 (እ.ኤ.አ.) የቶሮንቶው ጆን ማክላክሊን ካናዳ ድራይ የሚባለውን የዝንጅብል ለስላሳ ሠራ። ከ1920 እስከ 1933 አሜሪካ ውስጥ መጠጥ በሕግ ታግዶ በነበረበት ጊዜ ሰዎች በድብቅ የሚያገኙትን ሻካራ መጠጥ ጣዕሙን የሚያለዝቡት በዚህ ዓይነት ለስላሳ ነበር። በ2005 ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ ሳም ሮስ የተባለ የኮክቴል ባለሙያ የስኮትላንድ ውስኪን ከሎሚ፣ ከማርና ከእርጥብ ዝንጅብል ጋር አዋሕዶ ፔኒሲሊን የሚል ስም ሰጠው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ባሉ ቡና ቤቶች ይታወቃል። እዚህ የማቀርበው አሠራር ከሳም ሮስ ማርና ዝንጅብሉን ይወስዳል፤ መጠጡን የሚያረዝመው ግን አምቦ ውሃ ነው። የፋብሪካ የዝንጅብል ለስላሳ አልመክርም። አብዛኛው ከዝንጅብሉ ይልቅ ስኳሩ ያይላል፤ የዚህ መጠጥ ነገር ሁሉ ያለው ደግሞ ዝንጅብሉ ላይ ነው።

ስለ ዝንጅብሉ

ጉልት ላይ ዝንጅብል ሲመርጡ ቆዳው የተወጠረና የሚያብለጨልጭ፣ በእጅ ሲያዝ ከበድ የሚል ይሁን። አንዱን ጣት ሰበር አድርጎ ማየት ነው፤ ጥሩ ከሆነ ሳይጎብጥ ወዲያው ይሰበራል፣ የተሰበረው ቦታም ረጥቦ ሽታው አፍንጫ ይመታል። ተጨማድዶ የሚጎብጠውና ውስጡ ክር ክር የሚለው አርጅቷል። እሱን ለወጥና ለሻይ ይተዉት፤ ለዚህ ሥራ ጭማቂ የለውም።

ከቅመም ጋር የሚቀመጠውን የደረቀ የዝንጅብል ዱቄት እዚህ ላይ አይጠቀሙ። እርጥብ ዝንጅብልን የሚያቃጥለው ጂንጀሮል የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ዝንጅብሉ ሲደርቅ ጂንጀሮሉ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ ሾጋኦል የበለጠ ያቃጥላል፣ ያ ሎሚ ሎሚ የሚለው የእርጥቡ ሽታ ግን አብሮት አይገኝም። ሲቀቀል ደግሞ ወደ ዚንጀሮን ይለወጣል፤ ዚንጀሮን ለስላሳና ጣፋጭ ጠረን አለው፣ ማቃጠሉ ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ዝንጅብሉን በሙሉ እሳት ላይ ጥደው ቢያንተከትኩት ጥሩ የጉንፋን ሻይ ያገኛሉ፤ ለቀዝቃዛ መጠጥ የሚሆን ጉልበት ግን አይቀርለትም። መፍትሔው ለሁለት መክፈል ነው፦ አብዛኛው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ የቀረው በጥሬው ይጨመቃል።

የማርና የዝንጅብል ሽሮፑ

150 ግራም እርጥብ ዝንጅብል፣ 200 ግራም የተጣራ ማርና 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ያዘጋጁ። ሚዛን ከሌለ፣ 150 ግራም ዝንጅብል ማለት የአንድ ትልቅ ሰው መዳፍ የሚሞላ ያህል ነው። ማሩ ነጣ ያለና ጣዕሙ ቀለል ያለ ቢሆን ይመረጣል። ጠቆር ያለ የጫካ ማር በራሱ ግሩም ነው፤ እዚህ ግን ውስኪውን ይጫነዋል።

ዝንጅብሉን አጥበው ቆዳውን በሻይ ማንኪያ ጠርዝ ይፋቁት። ቢላዋ ከቆዳው ጋር ብዙ ሥጋ ይዞ ይሄዳል፤ ማንኪያው ግን ጥጋጥጉ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ቆዳውን ብቻ ያነሣል። ከዚያ ሲሶውን ለይተው ያስቀምጡ። ሁለቱን እጅ በስሱ ይክተፉና በሙቀጫ ጥቂት ያድቅቁት፤ እስኪልም መውቀጥ አያስፈልግም።

ውሃውን አፍልተው ከእሳት ያውርዱት። የደቀቀውን ዝንጅብል ይጨምሩበትና ከድነው ለግማሽ ሰዓት ይተዉት። ክዳኑን አይርሱ፤ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ቶሎ ያመልጣል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው በደንብ ይጭመቁት። ውሃው ገና ለብ ያለ ሳለ ማሩን ጨምረው እስኪሟሟ ያማስሉ። ማር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም፤ በቀጥታ ብርጭቆ ውስጥ ቢጨመር ከበረዶው ሥር ተጣብቆ ይቀራል። አስቀድሞ ሽሮፕ የሚሠራውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቀረው ሲሶ እንመለስ። ይህኛው በደንብ ይወቀጥ፣ ከዚያም በዚያው ጨርቅ ተጠቅልሎ እስከ መጨረሻው ይጨመቅ። የሚወጣው ጭማቂ ጥቂት ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው። ብጫማና ድፍርስ ሆኖ ይታያል። በትንሽ ብርጭቆ ለሩብ ሰዓት ያለ ንክኪ ካስቀመጡት ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ያርፋል። የዝንጅብሉ ስታርች ነው፤ ከነዝቃጩ ከተቀላቀለ መጠጡ ምላስ ላይ ዱቄት ዱቄት ይላል። ከላይ ያለውን ብቻ ቀስ አድርገው ወደ ቀዘቀዘው ሽሮፕ ያንቆርቁሩ፣ ነጩን ይድፉት።

ሽሮፑ በንጹሕ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። ጣፋጭነቱ ባይለወጥም ማቃጠሉ ከቀን ወደ ቀን ስለሚዳከም፣ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ቢያልቅ ጥሩ ነው። መጠኑ ለ15 ብርጭቆ ያህል ይበቃል። ጨርቁ ላይ የቀረውን ገለባ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ሻይ ያፍሉበት፤ ገና ብዙ ጣዕም አለው።

ውስኪው

የስኮትላንድ ቅልቅል ውስኪ፣ ጆኒ ዎከር ሬድ ሌብልን የመሰለው፣ ይበቃል። ጥቂት የጭስ ጠረን ስላለው ከዝንጅብሉ ጋር ይግባባል። እንደ ጄምሰን ያለ የአየርላንድ ውስኪ ለስለስ ያለ መጠጥ ያወጣል፤ ውስኪ ለማያዘወትር እንግዳ እሱን እመርጣለሁ። የአሜሪካ ቡርቦን ቢያንስ 51 ከመቶ በቆሎ ሆኖ ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ስለሚቀመጥ ጣፈጥ ይላል፤ በቡርቦን ሲሠራ ሽሮፑን ትንሽ መቀነስ ነው። 18 ዓመት የቆየ ውስኪ ካለ ግን እዚህ ውስጥ አይግባ። ለዓመታት የተጠራቀመው ስስ ጣዕም በሎሚና በዝንጅብል ሥር ይቀበራል፤ እሱን ለብቻው ይጠጡት።

የትኛውም ይሁን፣ ከሚያውቁትና ከሚያምኑት ሻጭ ይግዙ፣ ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑንም ያረጋግጡ። ተመሳስሎ የተሠራ መጠጥ ሜታኖል ሊኖረው ይችላል፤ ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም።

በረዶና አምቦ

በረዶ ሲበዛ መጠጡ የሚቀጥን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሁለት ፍሬ በረዶ ብቻውን መጠጡን ለማቀዝቀዝ ሲታገል ቶሎ ይሟሟል፤ እስከ አፉ በበረዶ የተሞላ ብርጭቆ ግን መጠጡን ወዲያው ስለሚያቀዘቅዘው መሟሟቱም ይዘገያል። የበረዶው ፍሬ ትልቅ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው፤ በቡና ሲኒ ውሃ አቀዝቅዞ መሥራት ይቻላል። በረዶ ሽታ ይስባልና ፍሪዘሩ ውስጥ ሥጋና ቅቤ ካለ የበረዶ መሥሪያውን ይክደኑት። ቅቤ ቅቤ የሚል በረዶ ይህን ሁሉ ድካም ገደል ይከተዋል።

አምቦው ጣዕም ያልተጨመረበት፣ ከተቻለ በጠርሙስ የታሸገው ይሁን፤ ፕላስቲክ ውስጥ ጋዝ ቀስ በቀስ ያመልጣል። ቢያንስ ከዋዜማው ጀምሮ ፍሪጅ ይግባ፣ ጋዝ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይበልጥ ይቆያልና። አምቦ ከሌላው ጋዝ ያለው ውሃ የሚለይበትና እዚህ ላይ የምወደው ምክንያት ጨው ጨው የምትለዋ የማዕድን ጣዕሙ ናት፤ የማሩን ጣፋጭነት ትገራለች። ከአገር ውጭ ሆነው አምቦ ካላገኙ ማንኛውንም ጋዝ ያለው ውሃ ወስደው ቅንጣት ታህል ጨው ሽሮፑ ላይ ጣል ያድርጉ።

ብርጭቆው ላይ

መለኪያ ከሌለ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ አንዱ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ለአንድ ሰው ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውስኪ፣ አንድ ተኩል ሽሮፕ፣ አንድ የሎሚ ጭማቂና 120 ሚሊ ሊትር ገደማ አምቦ ያስፈልጋል። ሎሚው የእኛው ትንሿ ሎሚ ናት፤ ያኔውኑ ትጨመቅ።

ረጅም ብርጭቆ ለሩብ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡ። አውጥተው ውስኪውን፣ ሽሮፑንና ሎሚውን በቅድሚያ ይጨምሩና በደንብ ያማስሉ፤ የሚማሰለው አሁን ነው፣ አምቦው ከገባ በኋላ አይደለም። ከዚያ በረዶውን እስከ አፉ ይሙሉ። ብርጭቆውን ጥቂት አዘንብለው አምቦውን በጎኑ በኩል ቀስ አድርገው ያውርዱት። ከከፍታ ከተለቀቀ ወይም በረዶው ላይ ከተደፋ አረፋው ገንፍሎ ጋዙ አብሮት ይሄዳል። ረጅም ማንኪያ እስከ ታች አስገብተው አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ላይ ሳብ ያድርጉት፤ ከሥር ያለው ወርቃማ ሽሮፕ በበረዶው መሃል እየተጥመለመለ ሲወጣ ይታያል፣ ያ በቂ ነው። በመጨረሻ ከሎሚው ላይ ስስ ልጣጭ ቆርጠው አረንጓዴውን ፊት ወደ መጠጡ አዙረው ቆንጠጥ ያድርጉት። ዘይቱ ላዩ ላይ ይረጫል፣ የመጀመሪያው ሽታም እሱ ይሆናል።

ይቅመሱት። ከጣፈጠ ሎሚ፣ ከኮመጠጠ ሽሮፕ በሻይ ማንኪያ ይጨምሩ። ዝንጅብሉ ካልተሰማ ጉድለቱ ሽሮፑ ላይ ነውና፣ ሌላ ትንሽ ዝንጅብል በጥሬው ጨምቀው ጠርሙሱ ውስጥ ይጨምሩ። ውስኪ በመጨመር ግን አይታረምም።

ስለ ጥንካሬው አንድ ነገር ልበል። 45 ሚሊ ሊትር 40 ከመቶ የሆነ ውስኪ ውስጥ 14 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለ፤ የተዘጋጀው መጠጥም ወደ 8 ከመቶ ይጠጋል፣ ከተለመደው ቢራ ይበልጣል ማለት ነው። ቀዝቃዛና ጣፋጭ ስለሆነ ይህ አይታወቅም፣ ሁለተኛውም ሳይታሰብ ይቀዳል። ምግብ ይቅደም፣ መኪና የሚነዳም አይንካው።

ለማይጠጡ እንግዶች ያው ሽሮፕ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ አንድ ማንኪያ ሎሚና ብርጭቆ ሙሉ አምቦ ተደርጎ ይቅረብ። ጋዝ ያለው የዝንጅብል ብርዝ ነው፤ በተመሳሳይ ብርጭቆ፣ በተመሳሳይ በረዶና የሎሚ ልጣጭ ይሰጣቸው እንጂ ለእነሱ ሲሆን አይቃለል።

ብዙ ሰው ከተጠራ ለስድስት ሰው 270 ሚሊ ሊትር ውስኪ፣ 135 ሚሊ ሊትር ሽሮፕና 90 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ በማንቆርቆሪያ ቀላቅለው፣ እንግዶቹ ከመምጣታቸው ከሁለት ሰዓት በፊት ፍሪጅ ያስገቡ። ሲደርሱ ለእያንዳንዱ በረዶ የሞላ ብርጭቆ ከድብልቁ 80 ሚሊ ሊትር ያህል ይቅዱ። አምቦውን ማንቆርቆሪያው ውስጥ አይቀላቅሉት፤ ጠርሙሱ እንግዳው ፊት ተከፍቶ ብርጭቆው ላይ ይጨመር።