የኳንተም መረጃ በአቶምና በፎቶን፦ የቆይታ ጊዜ ጥያቄ

የኳንተም መረጃን ወደ ሩቅ ቦታ ለማድረስ ፎቶንን የሚስተካከል ተሸካሚ የለም፤ ችግሩ ፎቶን በመንገድ ላይ መጥፋቱ ነው። ጥራት ባለው የቴሌኮም ፋይበር 100 ኪሎ ሜትር ከተላኩ መቶ ፎቶኖች በአማካይ የሚደርሰው አንዱ ብቻ ነው። ርቀቱ 1000 ኪሎ ሜትር ሲሆን በሴኮንድ 10 ቢሊዮን ፎቶን የሚልክ ምንጭ እንኳ አንዱን ለማድረስ ከ300 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በተለመደው ግንኙነት የተዳከመ ምልክት በየመካከሉ ይጎላል። ያልታወቀ የኳንተም ሁኔታ ግን እንደማይቀዳ እ.ኤ.አ. በ1982 ስለተረጋገጠ ይህ መንገድ ዝግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 ዱዋን፣ ሉኪን፣ ሲራክና ዞለር ያቀረቡት ንድፍ ረጅሙን መንገድ በአጫጭር ክፍሎች ይከፍላል፤ በየክፍሉ የተገኘው ቁርኝትም ቀጣዩ ክፍል እስኪሳካ ድረስ በአቶሞች ውስጥ ይቆያል። በነጠላ አቶም ሲሠራ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። በሌዘር የተነቃቃ አቶም ፎቶን ሲለቅ የአቶሙ ስፒንና የፎቶኑ ፖላራይዜሽን ይቆራኛሉ። ከሁለት አቶሞች የወጡ ፎቶኖች አንድ ጣቢያ ላይ በጋራ ሲለኩ፣ ተገናኝተው የማያውቁት አቶሞች እርስ በርስ ይቆራኛሉ። የልኬቱ ውጤት በተለመደው መስመር መነገር ስላለበት ከብርሃን የፈጠነ መልእክት የለም።

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የሙኒክ ሙከራ በዚህ መንገድ ሁለት የሩቢዲየም አቶሞችን በ33 ኪሎ ሜትር ፋይበር አቆራኝቷል፤ አቶሞቹ ያሉባቸው ሕንጻዎች የሚራራቁት ግን 400 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሩቢዲየም የሚለቀው የ780 ናኖሜትር ብርሃን በ10 ኪሎ ሜትር ፋይበር ውስጥ ወደ አሥር ሺህኛ ይወርዳል። ቁርኝቱ ሳይፈርስ ወደ 1517 ናኖሜትር ሲለወጥ ግን ከግማሽ በላይ ያልፋል።

በዚህ ጸሐፊ ግምት ከርቀቱ ይልቅ ሊመዘን የሚገባው የቆይታ ጊዜ ነው። መካከለኛ ጣቢያ ያለው የ100 ኪሎ ሜትር ክፍል እንውሰድ። ፎቶኑ 50 ኪሎ ሜትር ሄዶ ዜናው እስኪመለስ 500 ማይክሮሴኮንድ ያልፋል። ከሺህ ሙከራ አንዱ ቢሳካ አማካዩ ጥበቃ ግማሽ ሴኮንድ ይሆናል፤ ቀድሞ የተሳካው ጎረቤት ክፍልም ይህን ያህል ሳይበላሽ መጠበቅ አለበት። ለጥቂት ሚሊሴኮንድ ብቻ የሚያቆይ ማህደር፣ ጥራቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ እዚህ አያገለግልም። አንዱ መውጫ ብዙ ማህደሮችን ጎን ለጎን መሞከር ነው፦ በ100 ማህደሮች ግማሽ ሴኮንዱ ወደ 5 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይወርዳል።