ለአዲሱ ዓመት የንባብን ድርሻ ስለ መወሰን



አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ሁላችንም አንድ ነገር እንወጥናለን። ከምንወጥነውም ነገር አንዱ መጽሐፍ ማንበብ ነው። ነገር ግን በመስከረም የተወጠነው ንባብ ከአደይ አበባ ጋር አብሮ የሚጠወልገው ስለ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ የማነሣው በራሴ ላይ ስለ ደረሰ ነው።

ባለፈው የዘመን መለወጫ ዕለት በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «በዚህ ዓመት 24 መጻሕፍት አነባለሁ» ብዬ በትልቁ ጻፍሁ። ቁጥሩን ከየት አመጣኸው ብባል መልስ የለኝም፤ ለጓደኞቼ ሳሳየው ደስ ስላለኝ ብቻ ነው። በመጀመሪያ ያነሣሁት መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበረ፤ ይኸውም ከ500 ገጽ በላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን 40 ገጽ አነበብሁ፤ በማግሥቱ ዐይኔ ደከመ፤ በሦስተኛው ቀን ሌላ ሥራ መጣ፤ መስቀል ካለፈ በኋላማ መጽሐፉ ከሳጥኑ ላይ አልተነሣም።

ጉዳቱ ግን የእኔ ብቻ አልነበረም። ሳነብ አያቴ እሳት ዳር ተቀምጠው ይሰሙኝ ነበር። እሳቸው በጐልማሳነታቸው ይህን ታሪክ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው በጎረቤት ቤት ይከታተሉ ነበርና፣ በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ማስተማር እንደ ጀመረ የሬዲዮው የባትሪ ድንጋይ አልቆ መጨረሻውን ሳይሰሙ ቀሩ። አሁን ደግሞ ዐይናቸው ስለ ደከመ ደቃቁን ፊደል ለማየት አይችሉም። በገና ሰሞን፣ «ልጄ፣ ያ የቅኔ ተማሪ የት ደረሰ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም አፍሬ፣ «24 መጽሐፍ ላነብ ወስኜ ነበር፤ ስላልሆነልኝ ተውሁት» አልኋቸው።

እሳቸውም ሳይቈጡ ዳዊታቸውን አመለከቱኝ። እንደሚታወቀው 150ው መዝሙረ ዳዊት ለሳምንቱ ቀኖች ተከፍሏል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል። እሑድ ደግሞ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይደርሳል። «ሁሉን ባንድ ቀን ልድገም ብል በማግሥቱ ሳልደግም እውል ነበር። የሰኞን ለሰኞ፣ የማክሰኞን ለማክሰኞ ስሰጥ ግን ይኸው እስከ እርጅናዬ ደረስሁ» አሉኝ። እውነትም ዛሬ አብዛኛውን የሚደግሙት በቃላቸው ነው።

ይህ ጥበብ ለአገራችን ለጋይንት እንግዳ አይደለም። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋስዕት ማስመስከሪያ ሆነው የኖሩት ተማሪው የዕለት ቀለሙን ከመምህሩ ተቀብሎ፣ እርሱን ሳያጠና ወደሚቀጥለው ባለማለፉ ነው። ስለዚህ እኔም ከጥር 1 ቀን ጀምሮ የመጽሐፍ ቁጥር መቍጠሬን ትቼ የዕለት ድርሻ ወሰንሁ። ሥርዐቱም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ድርሻው ትንሽ ይሁን። እኔ በቀን 5 ገጽ ወሰንሁ። ይህ በጣም በደከመን ቀን እንኳ የሚቻል ነው።

ሁለተኛ፤ ሰዓቱ የታወቀ ይሁን። የንፋስ መውጫ ብርድ ሁሉንም ወደ ምድጃ በሚሰበስብበት ጊዜ፣ ከራት በኋላ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። የሚጠብቀን ሰው ካለ መስነፍ ያሳፍራል።

ሦስተኛ፤ ያነበብነው ይጻፍ። በደብተሬ ቀኑን፣ ገጹን፣ አንድ የማላውቀውን ቃልና የገባኝን አሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር እጽፋለሁ። የማላውቀውን ቃል ብዙ ጊዜ የሚፈቱልኝ አያቴ ናቸው።

አራተኛ፤ የጐደለ ቀን ዕዳ አይሁን። በፈተናና በሥራ ምክንያት ያላነበብሁባቸው ቀኖች ነበሩ። በማግሥቱ 10 ገጽ አላነበብሁም፤ ካቆምሁበት 5 ገጼን ቀጠልሁ። ዕዳ ቢከመር ኖሮ እንደ መስከረሙ ተስፋ እቈርጥ ነበር።

በዚህ ዐይነት በግንቦት መጀመሪያ መጽሐፉ አለቀ። የመጨረሻውን ገጽ ሳነብ አያቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቈዩና፣ «ለካ ያ ባትሪ ያለቀው ለእኔ አዝኖ ኖሯል!» አሉ።

እንግዲህ ለሚመጣው ዓመት ሒሳቡን እንሥራ። ከመስከረም 1 እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 360 ቀን ነው። ለፈተና፣ ለአጨዳና ለበዓላት 60 ቀን ብንቀንስ 300 ቀን ይቀራል፤ በ5 ሲባዛ 1,500 ገጽ ይሆናል። ጳጉሜን ደብተሩን መመርመሪያ ትሁን። እኔ ከመስከረም 1 የምጀምረው የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ይህ ዛሬ «ጦቢያ» የሚባለው፣ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ሲሆን መቶ ገጽ አይሞላም፤ በ20 ቀን ውስጥ ያልቃል። ከዚያም የከበደ ሚካኤልን «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» እቀጥላለሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ትልቅ ቁጥር ጽፈን ከምናፍር ትንሽ ድርሻ ወስነን እንጽና። ወላጆችም «ስንት መጽሐፍ አነበብህ?» ከማለት ይልቅ «የዛሬውን አሰማኝ» ብትሉን ትረዱናላችሁ። እኔም የሚመጣው ዓመት መጽሔታችን ሲወጣ ደብተሬን ለማሳየት ቃል እገባለሁ። ብረሳው ግን አያቴ አይረሱም፤ ጦቢያን መቼ እንደምንጀምር ከአሁኑ እየጠየቁኝ ነው።