ከ60 ዓመት በፊት ጡረታ፦ የሰርቪስ ቤትና የአክሲዮን ሚዛን

በባሕር ዳር ከተማ ጥቂት ጥሪት የቋጠረ የመንግሥት ሠራተኛ አስቀድሞ የሚያስበው በግቢው ጓሮ ሰርቪስ ቤት መደርደርን ነው። በፔዳና በፖሊ ግቢዎች ዙሪያ ተከራይ ስለሚፈለግ ምርጫው የሚያስወቅስ አይደለም። የተረፈችው ገንዘብ የባንክ አክሲዮን ትገዛለች። ሁለቱ በምን መጠን ቢያዙ ከ60 ዓመት በፊት ሥራ ለመልቀቅ ያስችላሉ?

በቅድሚያ የጡረታ ሕጉን እንመልከት። በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት 25 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በፈቃዱ ሥራ ቢለቅ አበሉ የሚታሰብለት 55 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። መጠኑም ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ነው፤ ለ25 ዓመት አገልግሎት 48.75 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። እንግዲህ በ50 ዓመቱ የሚለቅ ሰው 60 ወራትን ያለ ደመወዝና ያለ አበል ያሳልፋል።

ለምሳሌ ያህል የቤቱ ወጪ በወር 18,000 ብር፣ በዓመት 216,000 ብር የሆነ ሰው እንውሰድ። በወር 4,000 ብር የሚከራዩ 3 ክፍሎች አሉት። ዓመቱን ሙሉ ተይዘው ይቆያሉ ብሎ ማሰብ የዋህነት ስለሆነ 10 ወር ብቻ እንቁጠር፤ 120,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ ግብሩ፣ የቆርቆሮና የሽንት ቤት ጥገናው 20,000 ብር ቢወስድ 100,000 ይቀራል። ከአክሲዮን ደግሞ ከግብር በኋላ 80,000 ብር የትርፍ ድርሻ ቢያገኝ በዓመት 36,000 ብር ይጎድለዋል።

ልብ ሊባል የሚገባው የጊዜው ጉዳይ ነው። ኪራይ በየወሩ ይገባል። ባንኮች ግን ሒሳባቸውን በሰኔ ወር ዘግተው፣ ኦዲት አስደርገውና ጠቅላላ ጉባዔ ጠርተው ነው ትርፍ የሚያከፋፍሉት። ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ካፒታል እስከ ሰኔ 2018 ድረስ 5 ቢሊዮን ብር እንዲደርስ ባዘዘ ጊዜም፣ ትርፉን ወደ ካፒታል እንዲያዞር የተጠየቀው ባለአክሲዮን ጥቂት አልነበረም። ስለዚህ አስቤዛን በትርፍ ድርሻ ላይ መጣል አያዋጣም።

ታዲያ ተጨማሪ ክፍል መሥራት ይሻላል? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሐምሌ 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በጣና ዳር ሆቴሎች እንግዳ ጠፋ። የሆቴሉ አስተናጋጅ፣ የጀልባው ሠራተኛና የገዳማቱ አስጎብኚ ገቢ ሲያጡ አከራዮቻቸውም አብረው ይጎዳሉ። 3ቱ ክፍሎች 6 ቢሆኑም ያሉት በአንድ ግቢ፣ በአንድ ከተማ ነው። የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች ደግሞ ውሉ ከ2 ዓመት አያንስም፤ ኪራይ መጨመርም እንደ አከራዩ ፈቃድ አይደለም።

አክሲዮኑም ቢሆን ከዚሁ አደጋ እንዲያርቅ ታስቦ ካልተመረጠ ትርጉም የለውም። ብዙዎች በአገር ልጅነት ስሜት የአባይን ወይም የአማራ ባንክን አክሲዮን ገዝተዋል። ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ገዢው ከስሙ ይልቅ ዓመታዊ ሪፖርቱን አገላብጦ ብድሩ ለምን ዘርፍ እንደተሰጠ ቢያይ ይጠቀማል። ለመሸጥ ገዢ ፈልጎ መጠበቅም አለ። በጥር 2017 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በወጋገን ባንክ ቢጀምርም፣ በገበያው ያልተመዘገበ ኩባንያ ባለአክሲዮን ችግሩ ያው ነው።

በነገራችን ላይ ሁለቱን መያዝ ከሁሉ ነገር አያድንም። በታኅሣሥ 1967 የግል ባንኮች፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ ትርፍ ቤቶች ተወርሰዋል።

ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ፣ የ5 ዓመቱ ጉድለት 180,000 ብር ነው፤ የዋጋ ንረት ሲታሰብ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ሠራተኛው አራተኛ ክፍል ከመጀመሩም ሆነ አዲስ አክሲዮን ከመፈረሙ በፊት ይህን ገንዘብ በቁጠባ ሒሳቡ ቢያስቀምጥ ይመረጣል። ካልሞላለት መልቀቂያውን ለ2 ወይም ለ3 ዓመት ያቆየው፤ ያኔ የሚጠብቀው ጊዜ ያጥራል፣ የአበሉም መቶኛ ከፍ ይላል።