የሚጥል በሽታ ያለባት ነፍሰ ጡርና ሕክምናዋ

በሕክምና ፋኩልቲ ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አስቀድመው ይታገሡን። ከአርትስ ፋኩልቲ ሆነን ስለ መድኃኒትና ስለ ፅንስ ለመጻፍ የተነሣነው የእነርሱን ሥራ ለመሻማት አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ከክኒኑ ይልቅ ንግግሩ የጎደለ ሆኖ ስለታየን ነው። የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ስትፀንስ ሊደርስባት የሚችለው ጉዳት አብዛኛው ከታወቀ ቆይቷል፤ መከላከያውም እንደዚሁ። ዳሩ ግን የሚያውቀው ሰውና ማወቅ የሚገባት ሴት በጊዜው አይገናኙም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። «የሚጥል በሽታ» የሚለው አጠራር የሚነግረን ዳር የቆመው ሰው ያየውን ብቻ ነው፤ ሰው ወደቀ፥ ተንዘፈዘፈ፥ አረፋ ደፈቀ። (ሌላም የስድብ ስም አለው፤ እርሱን እዚህ አንጽፈውም።) ሕመሙ ግን የሚነሣው ከአንጎል ነው። የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚላላኩበት ኤሌክትሪክ ባንድ ጊዜ ከልክ ሲያልፍ፥ አካል ይናወጣል ወይም ኅሊና ለጥቂት ጊዜ ይጠፋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አረፋውም አይለክፍም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና የሥራ ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አጥንተው በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ከ1000 ሰው መካከል 5.2 የሚሆኑት ይህ ሕመም እንዳለባቸው ገልጸዋል። ይህ ማለት ብዙ ተማሪ በሚቀመጥበት አንድ የትምህርት አዳራሽ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰው አይታጣም ማለት ነው። ዝም ብለው ስለሚቀመጡ ግን አናውቃቸውም።

በአገራችን አንዲት ልጃገረድ ይህ ሕመም ሲገኝባት፥ በብዙ ቤት በመጀመሪያ የሚታሰበው ስለ ሐኪም ሳይሆን ስለ ትዳሯ ነው። ከተሰማ የሚያጫት ይጠፋል ተብሎ ሕመሙ ይደበቃል፤ ክኒኑም አብሮ ይደበቃል። ካገባች በኋላ ባሏና አማቷ እያዩ ልትውጠው ስለማትደፍር አንድ ቀን ትውጣለች፥ ሁለት ቀን ትዘላለች። ጸበል ሲሄዱ መድኃኒቱን እቤት ትተው የሚሄዱም አሉ። በጸበሉ ላይ ክርክር አንገጥምም፤ ጸበሉንም ክኒኑንም አብራ ብትይዝ ግን አንዱ ሌላውን የሚከለክልበት ምክንያት አይታየንም።

እንዲህ ያለችው ሴት ስትፀንስ ሁለት ፍርሃት ይይዛታል። አንደኛው «ሕመሙ ልጄን ይገድልብኛል» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «መድኃኒቱ ልጄን ያበላሽብኛል» የሚል ነው። ሁለቱም ባዶ ፍርሃት አይደሉም። ነገር ግን ሁለቱን በሚዛን የሚያስቀምጥላት ሰው ስታጣ፥ ብዙ ጊዜ የምታደርገው መድኃኒቱን በገዛ እጇ ማቆም ነው። ከዚህ የከፋ መፍትሔ የለም። በተለይ እንደ ፌኖባርቢታል ያለው መድኃኒት ባንድ ቀን ሲቋረጥ፥ ፋታ ሳይሰጥ እየደጋገመ የሚጥል፥ ለሕይወት የሚያሰጋ መናወጥ ሊያስከትል ይችላል። ስትወድቅ ሆዷ ይመታል፤ ምድጃ ዳር ከሆነች ትቃጠላለች፤ ለፅንሱ የሚደርሰው ኦክስጅንም ይቀንሳል። በሌሊት በተኙበት የሚመጣ ድንገተኛ ሞትም አለ። በሌላው ወገን በደንብ የምትታከም ሴት ተስፋዋ ሰፊ ነው፤ ከ3 ነፍሰ ጡሮች 2ቱ ገደማ ዘጠኙን ወር ሙሉ አንድ ጊዜም ሳይጥላቸው ያሳልፋሉ፥ እጅግ የሚበዙትም ጤናማ ልጅ ይወልዳሉ። ይህን ሁለተኛውን ወገን የሚነግራት ሰው እምብዛም ነው።

ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። «መድኃኒት ለፅንስ መጥፎ ነው» ብሎ በደፈናው መናገር ስሕተት ነው፤ አንዱ ከሌላው በጣም ይለያልና። ኢዩራፕ የሚባለው፥ ከብዙ አገሮች የእርግዝና መዝገብ የሚሰበስበው ጥናት ሥራውን የጀመረው በ1999 ነው። በ2018 ባወጣው ውጤት፥ እናቶቻቸው አንድ መድኃኒት ብቻ ሲወስዱ ከቆዩ ልጆች መካከል ጉልህ የአካል ጉድለት የታየባቸው፥ በቫልፕሮኤት ከ100ው 10.3፥ በፌኖባርቢታል 6.5፥ በፌኒቶይን 6.4፥ በካርባማዜፒን 5.5፥ በላሞትሪጂን 2.9፥ በሌቬቲራሲታም 2.8 ናቸው። መድኃኒት ከማይወስዱ እናቶች በሚወለዱትም ዘንድ ከ100ው 2 ወይም 3 ያህል መገኘቱን ካስታወስን፥ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከዚያ ብዙም እንደማይርቁ እንረዳለን። ቫልፕሮኤት ግን በአካል ብቻ አያበቃም። በአሜሪካና በብሪታንያ ተደርጎ በ2013 የታተመው ጥናት የ6 ዓመት ልጆችን የአእምሮ ችሎታ ሲመዝን፥ የላሞትሪጂን ልጆች በአማካይ 108፥ የቫልፕሮኤት ልጆች 97 አግኝተዋል። የመድኃኒቱ መጠን ሲበዛ ጉዳቱም ይበዛል።

አሁን ዋናው ነጥብ ጊዜው ነው። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። አንዲት ሴት ወር አበባዋ ቀረብኝ ብላ ተጠራጥራ፥ ተመርምራ፥ ለክትትል ካርድ እስክታወጣ ድረስ ይህ ቀን አልፏል። ስለዚህ መድኃኒት የሚለወጥ ከሆነ መለወጥ የሚገባው ከመፀነሷ በፊት ነው፤ ፎሊክ አሲድም መጀመር ያለበት ከመፀነሷ በፊት ነው። እጅግ የሠለጠነ የማህፀን ሐኪም እንኳ በአራተኛው ወር ቢያገኛት የሄደውን ወር ሊመልስላት አይችልም።

እንግዲህ ከመፀነሷ በፊት ማን ያገኛታል? ብለን እንጠይቅ። ለክኒኗ የምትሄደው በብዙ ሥፍራ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ነው፤ በዚያ የሚጠይቋት ስንት ጊዜ እንደጣላት ነው። ለወሊድ መከላከያ የምትሄደው ወደ ሌላ ክፍል ነው፤ በዚያ የሚጠይቋት ስንት ልጅ እንዳላት ነው። ስትፀንስ ወደ ሦስተኛው ክፍል ትሄዳለች። የሦስቱ ክፍሎች በሮች በአንድ ግቢ ውስጥ፥ አንዳንዴም በአንድ በረንዳ ላይ ናቸው፤ ወሬው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም። በዚህም የሚመጣው ጉዳት የዋዛ አይደለም። ፌኖባርቢታል፥ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ጉበት ሆርሞንን ቶሎ እንዲያፈርስ ስለሚያደርጉ፥ የሚዋጠውን የወሊድ መከላከያና በክንድ ላይ የሚቀበረውን ያዳክማሉ። በመርፌ የሚሰጠውና ሉፕ ግን አይነኩም። በክንዷ አስቀብራ «ለጥቂት ዓመት ዐርፌአለሁ» ያለች ሴት ሳታስበው የምትፀንሰው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው አዲስ መሣሪያ ሳይሆን «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው፤ እርሱም ሴቲቱ ሳታፍር እንድትመልስ ሆኖ ሲቀርብ ነው።

የሚያውቀውና ማወቅ የሚገባት ሴት አለመገናኘታቸው የድኻ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን የብሪታንያን ታሪክ እናንሣ። ቫልፕሮኤት በዚያ አገር በሥራ ላይ የዋለው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በእንስሳት ላይ የታየው ጉዳት በዚያን ጊዜም ለመንግሥት የመድኃኒት አማካሪዎች ተነግሯቸው ነበር። እነርሱም ሐኪሞቹ ይወቁት እንጂ ማስጠንቀቂያው በሕመምተኞች እጅ በሚደርሰው ወረቀት ላይ እንዳይወጣ ወሰኑ፤ ምክንያታቸው ሴቶቹን በከንቱ ላለማስጨነቅ የሚል ነበር። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ይህን አሳብ ልብ በለው፤ ከጭካኔ የመጣ አይደለም፤ ከአዛኝነት የመጣ ነው። ውጤቱ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ሊቀር ይችል በነበረ ጉዳት መወለዳቸው ነው። ነገሩን ወደ አደባባይ ያወጡት ልጆቻቸው የተጎዱባቸው እናቶች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ጃኔት ዊልያምስና ኤማ መርፊ የታወቁ ናቸው። በ2018 መውለድ የምትችል ሴት የእርግዝና መከላከያ ፕሮግራም ውስጥ ካልገባች በቀር ቫልፕሮኤት እንዳይሰጣት ተደነገገ። በ2020 በባሮነስ ከምበርሌጅ የተመራው መርማሪ ጉባኤ ሴቶቹ ሳይሰሙ መቅረታቸውን በግልጽ ጻፈ።

ነገር ግን መከልከል ብቻውን ሕክምና አይሆንም። በዚያው በ2020 የወጣው የእናቶች ሞት ምርመራ ሪፖርት፥ ከ2016 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በሚጥል በሽታ ምክንያት በድንገት የሞቱት እናቶች ቁጥር ከቀደሙት ሦስት ዓመታት በእጥፍ ገደማ መጨመሩን አሳይቷል። ብዙዎቹ ከእርግዝና በፊት የሚገባውን ምክር አላገኙም፤ የመድኃኒታቸው መጠንም በአግባቡ አልተስተካከለላቸውም። «አደገኛ ነው» የሚለውን ቃል ሰምታ የሚተካውን ያላገኘች ሴት ያው ታቆመዋለች።

በዚያ አገር ለዚህ የሚመከረው አሠራር የነርቭ ሐኪሙ፥ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሙና የሚጥል በሽታ ስፔሻሊስት ነርስ በአንድ ቀን በአንድ ክፍል እንዲያዩአት ነው። ነርሷ በመካከል ትቆማለች፤ ሴቲቱ የምትደውለው ለእርሷ ነው። ይህ ለምን አስፈለገ ቢባል፥ እርግዝና መድኃኒቱንም ስለሚለውጠው ነው። ለምሳሌ ላሞትሪጂን በእርግዝና ጊዜ ከሰውነት ፈጥኖ ስለሚወጣ፥ በደም ውስጥ ያለው በግማሽና ከዚያም በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ መጠኑ እየታየ ይጨመራል። ከወለደች በኋላ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ የተጨመረው ካልተቀነሰ መድኃኒቱ ራሱ ይመርዛታል።

በአገራችን የነርቭ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2006 ነው። ስለዚህ የብሪታንያን ክሊኒክ እንዳለ ገልብጠን በየወረዳው እንትከል ብንል ቀልድ ይሆናል። ይሁን እንጂ የክሊኒኩ ፍሬ ነገር ሦስት ስፔሻሊስት ሳይሆን አንዱ ክፍል የሌላውን ማወቁ ነው፤ እርሱ በጤና ጣቢያም ይቻላል። የክኒኗን ስም በእርግዝና ካርዷ ላይ መጻፍ፥ ክኒን የምትቀበል ልጅ ዕድሜዋ ሲደርስ ስለ መውለድ አሳቧን መጠየቅ፥ አንዲት አዋላጅ ነርስ ለዚህ ጉዳይ ተለይታ መሠልጠን፥ አስቸጋሪው ሲመጣ ለነርቭ ሐኪም በስልክ ማማከር፤ እነዚህ ገንዘብ ሳይሆን ትእዛዝ የሚፈልጉ ናቸው። ብርቱው ክርክር የሚነሣው ስለ ፌኖባርቢታል ነው። ከ1912 ጀምሮ የታወቀ ርካሽ መድኃኒት ነው፤ በገጠር የሚገኘው ብዙ ጊዜ እርሱ ብቻ ነው። ጉዳት የለውም አንልም፤ ቁጥሩን ከላይ አይተናል። ነገር ግን ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሲታም በየጤና ጣቢያው ሳይደርሱ «ፌኖባርቢታል አትውሰጂ» ማለት ሴቲቱን ከነሕመሟ መተው ነው። እኛ የምናየው፥ የሚሻሉት መድኃኒቶች ሲገዙ የመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች ቅድሚያ ይሰጥ የሚለውን ነው።

ስለ አራስነት ጥቂት እንጨምር። እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ይቀሰቅሳል፤ ስለዚህ የአራስ ጠያቂ ሁሉ ገንፎ በልቶ ከሚመለስ፥ አንዱ ሌሊቱን ሕፃኑን ቢይዝላት ይሻላል። ጡት ማጥባት በአብዛኛው አይከለከልም፤ ፌኖባርቢታል የምትወስድ ከሆነ ሕፃኑ ከልክ በላይ እንዳያንቀላፋ ይታያል። ሕፃኑን ብቻዋን ሆና ባታጥበው፥ አዝላውም እሳት ዳር ባትቆም ይመረጣል።

በመጨረሻ፥ ነፍሰ ጡር በፊታችን ብትወድቅ ምን እናድርግ? ክብሪት አናሽታት፤ በአፏም ማንኪያ አንክተት። አካባቢውን ከድንጋይና ከእሳት እናርቅ፥ ከጭንቅላቷ ሥር ልብስ እናድርግ፥ መንዘፍዘፉ ሲያቆም በግራ ጎኗ እናስተኛት፥ ሰዓት እንይ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ደግሞ ከጣላት ፈጥኖ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። ከአምስተኛው ወር ወዲህ ከሆነ ግን የቆየ ሕመም እንዳለባት ብናውቅም ሐኪም ሳያያት አትቅር፤ በዚያን ጊዜ የሚጥል ነገር ሁሉ የሚጥል በሽታ አይደለምና። ከደም ግፊት የሚመጣው ኤክላምፕሲያም እንዲሁ ያንዘፈዝፋል፤ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው፥ ማግኒዝየም ሰልፌት ይባላል። ሐኪሙ ሁለቱን ለመለየት ግፊቷን ይለካል፥ ከዚህ በፊት ይጥላት እንደነበረም ይጠይቃል። የምትውጠው ክኒን በቦርሳዋ ወይም በመቀነቷ ካለ ከነማሸጊያው ይዘን እንሂድ።