ዝምድና በመልክ ብቻ አይታወቅም

ሁለት ሰዎች በመልክ ስለተመሳሰሉ ብቻ ዘመዳሞች ናቸው አይባልም። የአንድ እናት ልጆችም ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ዝምድና የሚታወቀው ዘር ሲቆጠር ነው። ሰው ላልሆነው ሕይወት ላለው ነገርም እንደዚሁ ነው።

በቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ቡናማ አልጌ የሚባል ነገር ይበቅላል። ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይቆማል። ቅጠል የመሰለ አካል አለው። አንዳንዱ ዓይነት ከ40 ሜትር በላይ ይረዝማል። ያየው ሰው ሁሉ ዛፍ ነው ይላል። ነገር ግን እንደ ዛፍ ሥር የለውም፤ አያብብም፤ ፍሬም አያፈራም።

ታዲያ ዘመዱ ማነው? ሊቃውንት ይህን የሚመረምሩት በዲ.ኤን.ኤ. ነው። ዲ.ኤን.ኤ. ሕይወት ባለው ነገር ሁሉ ውስጥ ይገኛል። እንደ ክር የቀጠነና በዓይን የማይታይ ነው። እንደ ጽሑፍ ይነበባል፤ ፊደሎቹ ግን 4 ብቻ ናቸው። ጽሑፉ ከወላጅ ወደ ልጅ ይገለበጣል። መጽሐፍ በእጅ ሲገለበጥ አንዳንድ ፊደል እንደሚሳሳት ሁሉ፣ እዚህም አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይለወጣል። ስለዚህ ጽሑፋቸው የሚቀራረብ የቅርብ፣ በጣም የሚለያይ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው።

በዚህ መንገድ ሲመረመር ቡናማ አልጌ ለዛፍ የሩቅ ዘመድ ሆነ። ይልቅስ የድንችን ቅጠል ለሚያጠቁረውና ድንቹን ለሚያበሰብሰው የበሽታ ተሕዋስ ይቀርባል! ይህ በሽታ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1845 አየርላንድ አገር ገባ። ድንቹን አጠፋ። በተከተለው ረሃብና ወረርሽኝ 1 ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። የዚህ ተሕዋስ ሙሉ ዲ.ኤን.ኤ. በ2009፣ የአንድ ቡናማ አልጌ ደግሞ በ2010 ተነቦ ታተመ።

ይህ ለገበሬ ምን ይጠቅማል? ተሕዋሱ ሻጋታ ስለሚመስል ለብዙ ዘመን ከሻጋታ ተቆጥሮ ነበር። የአካሉ አሠራር ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ሻጋታን የሚገድል መድኃኒት ሁሉ እርሱን አይገድልም። የማይሠራ መድኃኒት የረጨ ገበሬ ገንዘቡንም ድንቹንም ያጣል። ቅጠሉ መጥቆር ሲጀምር የተገኘውን ሁሉ ከመርጨት በፊት የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። የታመመ ድንች ለዘር አታስቀምጡ።

ጥያቄዎች
1. ቡናማ አልጌ ከዛፍ በምን ይለያል?
2. ዲ.ኤን.ኤ. ዝምድናን እንዴት ያሳያል?
3. የድንችን በሽታ ዘመድ ማወቅ ለምን ይጠቅማል?